የተዋስነው ፊት፦ ለሞተረኞች በጎ አድራጎት ስለሚሠራ የፎቶ ፊልተር



የጋበዙኝ የአሰላ ወጣቶች የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው። ሞተር ሳይክልና የመኪና ውድድር የሚወዱ ልጆች ተሰባስበው በትራፊክ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ይፈልጋሉ። ለዚህም ሰው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ፎቶው ላይ የሚያደርገው ፊልተር ያስፈልጋቸዋል። «ምን ይምሰል? እንዴት ይሠራ?» ነው ያሉኝ። የዕለት ሥራዬ ይኸው ስለሆነ የማውቀውን ላካፍላችሁ መጣሁ።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ፊልተር ስንሠራ ከሰው የምንዋሰው ፊቱን ነው። አንዲት የኢተያ ልጅ ፎቶዋ ላይ የእኛን ምልክት ስታደርግ እናቷም፣ መምህሯም፣ ጎረቤቷም እሷን ብለው መጥተው የእኛን መልእክት ያያሉ። የሚያምኑት እሷን ነው፤ እኛን አያውቁንም። ስለዚህ ፊቷን ሳናጨልም፣ ሳናነጣ፣ ሳንሸፍን፣ ስሟን ለሚያስነቅፍ ነገር ሳናውል መመለስ አለብን። የቀለሙም፣ የፊደሉም፣ የገንዘቡም ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ አገሩ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ አድርጎ እዚህ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚወጣው አስፋልት ለመኪና ብቻ የተሠራ መንገድ ሆኖ አያውቅም። ንጋት ላይ ሯጮች በረድፍ ይወርዱበታል። ተማሪ ይሄድበታል፣ ከብት ይሻገርበታል፣ ጋሪና ባጃጅ ይጋፉበታል፤ የጭነት መኪናውም በዚያው መሀል ያልፋል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ገንዘቤ ዲባባ የበቀሉት በዚህ አገር ነው። የሞተር ስፖርት ወዳጅ ደግሞ ፍጥነት ይወዳል፤ መውደዱም ነውር የለበትም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰበሰብላቸውን ሰዎች የጎዳቸው ያው ፍጥነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ለሞት የሚያበቃ ግጭት ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ያድጋል። በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከምንም በላይ የሚገድለውም ይኸው ነው። የሯጮች ዕድሜ ማለት ነው።

እንግዲህ ፍጥነት የሚወዱ ልጆች፣ ፍጥነት የጎዳቸው ሰዎችና በእግር ሩጫ የታወቀ አገር በአንዲት ትንሽ ሥዕል ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ሥዕሉን ከመጀመራችን በፊት እኛው ታሪክ ውስጥ ሦስቱ የት እንደተገናኙ እንይ።

አበበ ቢቂላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን አሸነፈ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠችና እነዚያ እግሮች ሥራ አቆሙ። ለሕክምና የተላከው እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ለአካል ጉዳተኞች ውድድር የጀመረበት፣ ፓራሊምፒክም የተወለደበት ቦታ ነው። አበበ እዚያ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረ፤ ተወዳደረም። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚጎተት ተንሸራታች የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ይህን ያነሣሁት የበጎ አድራጎት ሥዕል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የተጎዳውን ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያሳየናል። አበበ ግን ከአደጋው በኋላ ቀስት የሳበ፣ ዒላማ ያነጣጠረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማሳየት እየቻልን የተሰባበረ መኪና ሥዕል የምናነሣበት ምክንያት አይታየኝም። በፊልተራችን ላይ የተጎጂ ምልክት ይግባ ካልን የሚገባው እጁ የሚሠራ፣ ወደፊት የሚያይ ሰው ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የሚያስተምረን አለ። ከአሰላ አቅራቢያ ካለው የገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለስ ነበር፤ ደብተር እንደያዘ የምትታጠፈዋ ግራ ክንዱ ዓለም ያወቃት ምልክት ሆናለች። በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ሽቱትጋርት ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አሸናፊዎቹ የተሸለሙት መርሴዲስ መኪና ነበር። ኋላም ያቋቋመው ድርጅት ስሙ ማራቶን ሞተር ሆነ፤ ሥራውም ሀዩንዳይ መኪና መገጣጠምና መሸጥ። በአርሲ ልጅ ሕይወት ውስጥ እግርና ሞተር እንዲህ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆይተዋል። ፊልተራችንም ሁለቱን ሊያጣላ አይገባም።

ከኃይሌ ሳልወጣ፣ እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ምርጡ «ፊልተር» ስልክ ውስጥ የተሠራ አይደለም። እሱ ያስጀመረው የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ 10,000 ሰው ሮጠ፤ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ከ40,000 አለፈ። ሁሉም አንድ ቀለም ይለብሳል። ከድልድይ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ጎዳናው በአንድ ቀለም ተሞልቶ ይፈስሳል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን እያንዳንዱ ፊት የራሱ ነው፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለከልካል፣ አንዲቱ ልጇን አዝላለች። ቀለሙ ከአንገት በታች ቀርቷል። ፊልተር ለመሥራት ስቀመጥ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ነው።

የሞተር ስፖርት ሰዎችስ በጎ አድራጎት ሠርተው ያውቃሉ ወይ? በሚገባ። ራንዲ ማሞላ የሚባል አሜሪካዊ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበረ፤ በዓለም ሻምፒዮና ስሙ የተጠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከወዳጆቹ ከባሪና ከአንድርያ ኮልማን ጋር ሆኖ በውድድር ሜዳ ለሕፃናት ዕርዳታ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ገንዘቡ ምን እንደሠራ ለማየት ወደ ሶማሊያ ሲሄዱ ጤና ባለሙያ የሚጓጓዝባቸው ሞተር ሳይክሎች በየግቢው ተበላሽተው ቆመው አገኙ። ብዙዎቹ የቆሙት ጥገና አጥተው፣ በትንሽ ዕቃ ምክንያት ነበር። ለተወዳዳሪ ይህ የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ ሞተር እንዴት እንደሚያዝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ። «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለው ድርጅት ከዚያ ተወለደ። እንደ እኛው ተራራማ በሆነችው በሌሶቶ ሞተረኞች የደም ናሙና ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ፣ ውጤቱንም ወደ ጤና ጣቢያው ያመላልሱ ጀመር። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው እንግሊዝ አገር ከሚካሄደው የሞተር ሳይክል ግራን ፕሪ ዋዜማ ነው፤ የተወዳዳሪዎች ጓንት፣ ቱታና ኸልሜት ለጨረታ ይቀርባል፣ አድናቂዎቹ ይጫረታሉ።

ልብ በሉልኝ፤ እነዚያ ሰዎች ለዕርዳታው ያበረከቱት የሚያውቁትን ሙያ ነው። የአሰላ ሞተረኛም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ኸልሜት፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩርባ ላይ ዝግ ማለት። ፊልተሩ ያንን ዕውቀት ይዞ ቢወጣ ለእኔ ከማንኛውም የእሳት ነበልባልና ከማንኛውም የፍጥነት መለኪያ ሥዕል ይበልጥብኛል። ነበልባል አታስገቡ። 180 ላይ የቆመ ቀስት አታስገቡ። ልጇን በመንገድ ያጣች እናት ያንን ሥዕል በወንድሟ ልጅ ፎቶ ላይ ስታይ ምን እንደሚሰማት አስቡ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

የፕሮፋይል ፎቶ ላይ ምልክት ማድረግን የለመድነው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ ጥቃት ሲደርስ ፌስቡክ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ ፎቶ ላይ በስሱ የሚያለብስ መሣሪያ አወጣ፤ ብዙ ሚሊዮን ሰው ተጠቀመበት። እኛም አገር በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሕዳሴው ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ሲይዝ «ግድቡ የኔ ነው» የሚል ፍሬም ያላደረገ ፕሮፋይል ማግኘት ያስቸግር ነበር። በሐዘን ጊዜም ፕሮፋይሉን በጥቁርና በሻማ የሚቀይር ብዙ ነው። ሰዉ ለምዶታል፤ ማስተማር አያስፈልገንም።

ያ የሰንደቅ ዓላማ አሠራር ግን ለእኛ ፊት አይስማማም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩን ሳያይ የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። ስልክ እያንዳንዷን የፎቶ ነጥብ በሦስት ቁጥር ይይዛታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። የአንድ ጠይም ሰው ጉንጭ ጥላ ውስጥ ሲሆን 90፣ 60፣ 45 ይሆናል እንበል። በላዩ ላይ 40 በመቶ ነጭ ቀለም ስታለብሱት 156፣ 138፣ 129 ይሆናል። በቀዩና በሰማያዊው መካከል የነበረው የ45 ልዩነት ወደ 27 ወረደ። የቆዳችንን ሙቀት የሚሰጠው ያ ልዩነት ነው፤ እሱ ሲጠብ ፊቱ አመድ ይለብሳል። ያንኑ ነጭ 230፣ 190፣ 170 በሆነ ፈካ ያለ ቆዳ ላይ ስታደርጉት 240፣ 216፣ 204 ይሆናል፤ ሰውዬው ትንሽ ፈካ ከማለት በቀር አልተለወጠም። መሣሪያው አንድ ነው፤ የእኛን ሰው ግን ታማሚ አስመሰለው። የእኛን ባለ ሦስት ቀለም በአግድም ብታለብሱት ደግሞ ቢጫው ዓይንና አፍንጫ ላይ ያርፋል።

ይህ አዲስ በደል አይደለም። ፊልም በሚታጠብበት ዘመን ቀለም የሚስተካከለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። በእኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ጾታ ለይተው የሚናገሩ የታላላቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ ፈካ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ አያልፍም ነበር። የአገራችን ልጅ ይህን ለዓለም ካሳየች በኋላ እኛ አሰላ ላይ ፊት የሚያነጣ ፊልተር ብንሠራ ይቅር የሚባል አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው፤ ፊት አይነካም። የፎቶው መሀል ፈጽሞ ባዶ ይተው። ቀለሙ ጠርዝ ላይ ይሁን፤ እዚያም ደመቅ ብሎ፣ ሳይሳሳ ይቀመጥ። «ፊትን ማሳመር» የሚባለውን ሁሉ፣ ቆዳ ማለስለሱን፣ አፍንጫ ማቅጠኑን፣ አትጨምሩበት። የበጎ አድራጎት ፊልተር ሰው ራሱን እንዲመስል ማድረግ አለበት።

ብርሃኑም የራሱ ጠባይ አለው። በዚህ ከፍታ ላይ ቀን 6 ሰዓት ፎቶ ብትነሡ ፀሐይ ከአናት ትወርዳለች፣ ግንባር ይበራል፣ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል። ከኋላችሁ የጭላሎ ተራራና ሰማዩ ካሉ ደግሞ ስልኩ ሰማዩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንስና ፊታችሁን ጥቁር ጥላ ያደርገዋል። ይህን በፊልተር ማዳን አይቻልም፤ በምክር ግን ይቻላል። ፍሬሙን ስታሠራጩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፤ «ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ አዙራችሁ ተነሡ፤ ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን በጣት ነካ አድርጉ» በሉ። በጣት መንካቱ ስልኩ ብርሃኑን በፊታችሁ ልክ እንዲመጥን ያዝዘዋል። ከብዙ ቀን የፎቶሾፕ ድካም ይህ አንድ ምክር ይበልጣል።

ቀለም ምረጥ ብትሉኝ የኅዳርን ገብስ ቢጫና የአስፋልትን ግራጫ እመርጣለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ሁሉም ስለሚጠቀምበት ምልክታችን ከሌላው አይለይም። በኅዳር ከዚህ እስከ ሳጉሬ ሜዳው የሚለብሰውን ቀለም ግን የአርሲ ሰው አይስተውም፤ ግራጫ ላይ ሲያርፍም ከሩቅ ይነበባል። ከታች በኩል የአስፋልት መንገድ ግማሽ ክብ ሆኖ ይዙር፣ መሀሉ ላይ የተቆራረጠው የመንገድ መስመር በቢጫ ይሂድ። ከላይ የኸልሜት ጠርዝ የምታስታውስ ቀጭን ቅስት። ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ግማሽ ክብ ያልኩት በምክንያት ነው። የፕሮፋይል ፎቶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሠራል፣ 1080 በ1080 ነጥብ፤ ሲታይ ግን ክብ ሆኖ ይቆረጣል። በስሌት ከሥዕሉ 21 በመቶ የሚበልጠው ማዕዘን ላይ ይቀራል። ስንቱ ድርጅት ነው አርማውን ቀኝ ማዕዘን ላይ አድርጎ ማንም ሳያየው የቀረው! ከዚያም ክቡ ኮሜንት መስጫው ጎን ሲታይ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል። በዚያ መጠን የሚነበበው ሦስት ወይም አራት አጭር ቃል ነው። የእኔ ሐሳብ «ቀስ በል፤ ሯጭ አለ» የሚል ነው። ሞተረኛ ለሞተረኛ የሚናገረው ስለሆነ «በል» ማለቱ አይከፋም፤ ታላቆችንም የሚመለከት ሲሆን «ቀስ እንበል» ይሻላል፤ ተናጋሪውም አብሮ ይገባበታል።

የግዕዝ ፊደል ሲያንስ ችግር አለው። በሰና በሸ፣ በለና በሉ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ክቡ ሲጠብ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ወፈር ያለ ፊደል ምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ወፍራሙም አለው። ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ አስቀምጡት፤ ያለዚያ ፋይሉ ፊደሉ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። አፋን ኦሮሞውን ደግሞ ለመጨረሻ አታቆዩት። በቁቤ ሲጻፍ ድምፅ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደሉ ስለሚደገም ቃሉ ቦታ ይፈልጋል። መጀመሪያ አፋን ኦሮሞውን አስገቡ፤ እሱ ከገባ አማርኛው ይገባል። በዚህ ከተማ ሁለቱ እኩል መጠን ካልያዙ ገና ከጅምሩ ግማሹን ሰው ገፍተነዋል።

ኸልሜት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፊት ላይ የሚንቀሳቀስ ፊልተር፣ ማለትም ካሜራው ፊትን ፈልጎ የሚያለብሰው ዓይነት፣ የሚሠራው ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን አግኝቶ ነው። ሞተረኛው አገጩን ጭምር የሚሸፍን ኸልሜት ካደረገ ፕሮግራሙ ፊት የለም ብሎ ያልፈዋል። ለሞተረኞች የተሠራ ፊልተር ሞተረኛው ላይ የማይሠራ ከሆነ ትልቅ ውርደት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ይሠራ፤ ፊት የማይፈልግ፣ ዙሪያውን ብቻ የሚከብብ ፍሬም ለሁሉም፤ በላዩም ራቁቱን ያለ ጭንቅላት ላይ ኸልሜት የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ ፊልተር ለልጆች። ሁለተኛው ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ኸልሜት በሞተረኛ ላይ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። አንዲት ልጅ አባቷን በፎቶ ላይ ኸልሜት አልብሳ ብትልክለት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የት እንሥራው ለሚለው፣ የትልልቅ ኩባንያዎችን መሣሪያ ብቻ አትመኑ። ስንት ወጣት ስፓርክ ኤአር የሚባለውን የሜታን መሣሪያ ተምሮ ለኢንስታግራምና ለፌስቡክ ፊልተር ሠርቶ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ኩባንያው አገልግሎቱን ዘጋው፤ ውጭ ሰዎች የሠሯቸው ፊልተሮችም አብረው ወረዱ። የስናፕቻት ሌንስ ስቱዲዮና የቲክቶክ ኢፌክት ሀውስ ዛሬ አሉ፤ ተጠቀሙባቸው። መሠረቱ ግን መሀሉ ክፍት የሆነ አንድ ፒኤንጂ ፋይል ይሁን። እሱን ማንም አይዘጋባችሁም። ስታከፋፍሉት ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ፎቶ ሆኖ ሲሄድ ይጨመቅና ክፍት የነበረው መሀሉ ይደፈናል። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩት። ክብደቱም ከ200 ኪሎባይት እንዳያልፍ ታገሉ፤ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛው ተማሪ ነው።

ከዚያም የሚሻል አለ። ፓይተን የሚያውቅ አንድ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፎቶ ተቀብሎ ፍሬሙን አልብሶ የሚመልስ የቴሌግራም ቦት መሥራት ይችላል፤ ፒሎው የሚባለው ነፃ መሣሪያ ዋናውን ሥራ ይሠራለታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ቦቱ የተላከለትን ፎቶ አያስቀምጥ። አልብሶ ይመልስ፣ ወዲያው ይሰርዝ፤ ይህንንም በግልጽ ይናገር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ አዋጁ ባይኖርም የሰው ፊት አደራ ነው። የሕፃናት ፎቶ ሲሆን ወላጅ ሳይፈቅድ አይነካም። ሆስፒታል የተኛ ሰውማ ፎቶው ጭራሽ አይጠየቅ፤ ሕመም ላይ ያለ ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ብዙ ሰው ፍሬሙ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም ኪውአር ኮድ እንድለጥፍ ይጠይቀኛል። ሁለቱንም እንቢ እላለሁ። ኪውአሩን የሚያየው ሰው በዚያው ስልክ ነው የሚያየው፤ የራሱን ስክሪን በራሱ ካሜራ ማንሣት አይችልም። በጥፍር መጠን ደግሞ ማንም አያነበውም። የሒሳብ ቁጥሩ የባሰ ነው፤ ሥዕል ላይ ያለ ቁጥር በቀላሉ ኮፒ አይደረግም፣ አጭበርባሪ ግን አንዲት አኃዝ ለውጦ መልሶ ይለቀዋል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ፊቱን ያዋሰን ሰው ነው። ቁጥሩ ከፎቶው ጋር በሚሄደው ጽሑፍ ውስጥ፣ ከድርጅቱ ሕጋዊ ስም ጋር ይግባ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ መሠረት የተመዘገበ አካል ከሌላችሁ ከተመዘገበ ጋር ሥሩ፤ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ አትሰብስቡ። ሕዝባችን ለግድቡ በ8100 አጭር ቁጥር ሲያዋጣ አይተናል። ሰጪነቱ አልጎደለም፤ የሚጠይቀው ለማን እንደሰጠና ምን እንደተሠራበት ማወቅን ነው።

ጊዜውም ተዘጋጅቶልናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳለፈው ውሳኔ በየዓመቱ በፈረንጆች ኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ በመንገድ አደጋ የተጎዱት የሚታሰቡበት ቀን ሆኗል። ታላቁ ሩጫም በዚያው ወር በእሑድ ይሮጣል፤ በ2016ም በ2017ም ዓ.ም. ሁለቱ በአንድ ቀን ውለዋል። የሩጫ አገር ሰዎች ሲሮጡና ሲያስቡ በአንድ ጠዋት! ፍሬሙ ከመታሰቢያው እሑድ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይውጣ። የሚወርድበትም ቀን አብሮ ይነገር፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ወራት የቆየ ፍሬም ማንም አያየውም፤ ባለቤቱም ማንሣቱን ረስቶት የዛለ ምልክት ይሆናል። ሲወርድ ለእያንዳንዱ ሰው በቦቱ አንድ መልእክት ይድረሰው፤ ይህን ያህል ብር ተሰበሰበ፣ ለዚህ ዋለ፣ ደረሰኙ ይኸው። ስንት ሰው ፍሬሙን እንዳደረገው አትጻፉለት፤ እሱ የሚያስፈልገን የምናስተዋውቀው ዕቃ ቢኖረን ነበር። ስንት ተሽከርካሪ ወንበር እንደተገዛ፣ ስንት ኸልሜት ለስንት ሞተረኛ እንደተሰጠ ጻፉለት።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልቀበል። ከዚያ በኋላ ላፕቶፔን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እከፍተዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ንድፍ አብረን እንሠራለን። አፋን ኦሮሞውን የሚያርምልኝ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ። ፍላሽ ያላችሁ ፋይሉን ውሰዱ፣ ለውጡት፣ አሻሽሉት። በሞተር የመጣችሁ ደግሞ ኸልሜታችሁን ከውጭ ይዛችሁ ግቡ፤ መጀመሪያ የምንሞክረው በእናንተ ላይ ነው።